ቢወድቅስ? ያለ ስክሪን ለሚደረግ ረጅም ጉዞ ጨዋታ እንዴት ይመረጣል

ጥያቄ፦ «በቅርቡ ከሦስት ልጆቼ ጋር ረጅም ጉዞ አለብን። መጀመሪያ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በመኪና እንሄዳለን። ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያ እንጠብቃለን፤ በረራው ደግሞ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ መሃለኛው 7፣ ትንሹ ሁለት ዓመት ተኩል። ባለፈው ጊዜ ስልክና ታብሌት ሰጥተናቸው መሃለኛው መኪና ውስጥ አስመለሰ። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ሦስቱም አለቀሱ። አሁን ያለ ስክሪን መሞከር እፈልጋለሁ። ለጨዋታ የሚሆን ቦታ ያለኝ አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ብቻ ነው። ምን ልያዝ? ባለቤቴ ታብሌቷን ለማንኛውም እንያዛት ይላል። እሱንስ ምን ይላሉ?»

ምላሽ፦ ጉዞውን በዚህ መንገድ ለመሞከር መወሰንዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ቦርሳው ትንሽ መሆኑ አያሳስብዎ፤ እንዲያውም ይጠቅምዎታል።

ከልጆች ጋር በጨዋታ መሥራት ሙያዬ ነው። ወላጆች «ለመንገድ ምን እንግዛ?» ሲሉኝ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፦ ቢወድቅስ? ልጁ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። እጁ ወለሉ ጋ አይደርስም። መኪናው ሲታጠፍ የያዘው ነገር ከጭኑ ይንሸራተታል። የወደቀው እርሳስ ከሆነ ሌላ ይሰጡታል። የጨዋታው ዋና ቁራጭ ከሆነ ግን ጨዋታው እዚያው አበቃ። ልጁ ያለቅሳል። እርስዎ ቀበቶዎን ፈተው ወንበር ሥር ይዳብሳሉ። ሾፌሩ «ምን ሆነ?» ብሎ ወደ ኋላ ይዞራል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ይህን የተማርኩት ከእህቴ ልጅ ጋር ስጓዝ ነው። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። 48 ቁራጭ ያለው የሥዕል መገጣጠሚያ ገዝቼላት ነበር። ገና ብዙም ሳንሄድ አንድ መታጠፊያ ላይ ሦስት ቁራጭ ወንበሩ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት የምታወራው ስለ ሦስቱ ቁራጮች ብቻ ሆነ። መጨረሻ ላይ ያረጋጋት ምንም ዕቃ የማይፈልግ ጨዋታ ነው። እሱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ከጨዋታው በፊት ግን ስለ መሃለኛው ልጅዎ ልናገር። እሱን ያስመለሰው ታብሌቷ ራሷ አይደለችም። መኪናው ሲሄድ የውስጥ ጆሮ እንቅስቃሴውን ያውቀዋል። ዓይን ግን ጭኑ ላይ ያለውን የማይንቀሳቀስ ነገር ነው የሚያየው። ሁለቱ ለአንጎል የሚልኩት መልእክት አይገጥምም። ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ችግር በብዛት የሚታየው ከሁለት እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው፤ ሰባት ዓመት ደግሞ እዚያው መሃል ነው። ስለዚህ ታብሌቷን ተቀብለው የሥዕል ደብተር ቢሰጡት ለውጥ አያገኙም። አንገቱን ደፍቶ ቅርብ ነገር ላይ ካተኮረ ያው ያስመልሰዋል።

ለእሱ መኪና ውስጥ የሚሆነው ዓይኑን ወደ ሩቅ የሚወስድ ወይም ዓይን ጨርሶ የማይፈልግ ጨዋታ ነው። ከተቻለ የፊቱን መንገድ ማየት የሚችልበት ቦታ ያስቀምጡት። አየር ይግባለት። ፊቱ ሲገረጣ፣ ደጋግሞ ሲያዛጋ፣ ድንገት ዝም ሲል ካዩ ጨዋታውን እዚያው ያቁሙት፤ የሚቆምበት ቦታ ካለም ይቁሙ። መድኃኒት ካሰቡ ለዕድሜውና ለክብደቱ የሚስማማውን ከጉዞው በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቁ።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ምንም የማይወድቅበት ጨዋታ በአፍ የሚጫወቱት ነው። ብዙ ወላጅ ይንቀዋል። «አምስት ደቂቃ ተጫውተው ይሰለቻሉ» ይለኛል። ቶሎ የሚሰለቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ በደንብ ስላልተበጀ ነው።

የቃል ሰንሰለትን እንውሰድ። አንዱ ቃል ይናገራል። ቀጣዩ ያ ቃል ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ሌላ ቃል ያመጣል። በአማርኛ ዝም ብለው ከጀመሩት ሦስት ዙር ሳይሄድ ይቆማል። ምክንያቱም አብዛኛው ስም የሚያልቀው በሳድስ ነው፦ መንገድ፣ ደብተር፣ ሰማይ። ልጁን በ«ይ» የሚጀምር ስም አምጣ ቢሉት ይጨነቃል። ስለዚህ የፊደሉ ቤተሰብ በሙሉ ይፈቀድ፤ ከግዕዙ እስከ ሳብዑ ሰባቱም። ያኔ እንዲህ ይሄዳል፦ ሰላም፣ መንገድ፣ ደብተር፣ ራስ፣ ሰማይ፣ የካቲት፣ ተራራ፣ ርግብ። ልጆቹ ሳያውቁት ፊደል እየቆጠሩ ነው።

ሌሎች ሦስት ሕጎችም ያስፈልጋሉ። ብዙ ቁጥር ክልክል ነው። «ልጆች»፣ «ቤቶች» ከተፈቀደ ሁሉም ነገር በ«ች» ያልቅና ጨዋታው ይሞታል። ግስም ክልክል ነው፤ አለበለዚያ ትልቋ «በላ፣ በላች፣ በሉ» እያለች ሌሎቹን ታደክማቸዋለች። በመጨረሻም ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት። መንገድ ላይ ከተነሳ ጭቅጭቁ ጨዋታውን ይበላዋል።

ለ11 ዓመቷ ልጅዎ ከዚህ ጠንከር ያለ ነገር አለኝ። ቃልን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ። እያንዳንዱ ፊደላችን አናባቢውን ይዞ ስለሚሄድ ይህ በጭንቅላት ብቻ ይሠራል። «ራስ» ሲገለበጥ «ስራ» ይሆናል። «ላብ» ሲገለበጥ «ብላ»። «ልብ» ደግሞ «ብል»፣ ልብስ የሚበላው። አብዛኛው ቃል ሲገለበጥ ትርጉም አይሰጥም፤ ደስታው ያለው የሚሰጠውን ማደን ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከለመደችው በመስኮት ያየችውን ሁሉ ስትገለብጥ ትውላለች።

ሌላው ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ፍለጋ ነው። «ዋና» ሲጠብቅ ዋነኛ ማለት ነው፤ ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው። «ይመታል» ሲላላ መቺው ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺው። ቃሉን ያገኘ ሰው ሁለቱንም ትርጉም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባ። ይህ ለአዋቂም አይቀልም። እርስዎና ባለቤትዎም አብራችሁ ተጫወቱ፤ ልጆች ወላጅ ሲሸነፍ ማየት ይወዳሉ።

ሦስቱንም ልጆች በአንዴ የሚይዝ ጨዋታ ከፈለጉ ደግነቱና ክፋቱን ይሞክሩ። አንዱ ታሪክ ይጀምራል። ቀጣዩ «ክፋቱ» ብሎ ይቀጥላል፣ የሚከተለው «ደግነቱ» ይላል። እንዲህ፦ «አንድ ዝሆን ብስክሌት ገዛ።» «ክፋቱ፣ ፔዳሉ እግሩን አልቻለም።» «ደግነቱ፣ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነበር።» «ክፋቱ፣ ብስክሌቱ ፍሬን የለውም።» «ደግነቱ፣ ታች ሐይቅ ነበረ።» ትንሹ ልጅ ታሪክ መቀጠል አይችልም። ግን «የማን ታሪክ ይሁን?» ብለው ይጠይቁት። «ድመት!» ካለ ታሪኩ የድመት ነው። ድመቷ በመጣች ቁጥር የእሷን ድምፅ ማሰማት የእሱ ሥራ ይሁን። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ከዚህ በላይ አይፈልግም። የሚፈልገው ከትልልቆቹ ጋር መቆጠር ነው።

አሁን የእህቴን ልጅ ያረጋጋት ጨዋታ። በሐሳብ የሚደረግ ድብብቆሽ ነው። ልጁ ዓይኑን ይጨፍንና ቤታችሁ ውስጥ አንድ ቦታ በሐሳቡ ይደበቃል። መጠኑን እንደፈለገ መቀነስ ይችላል። ጫማ ውስጥ፣ ማንኪያ ሥር፣ የመጋረጃ እጥፋት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሌሎቹ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ብቻ እየጠየቁ ይፈልጉታል። «መኝታ ቤት ነህ?» «ከወለል በላይ ነህ?» «ይጨልማል እዚያ?» ያቺ ልጅ ለብዙ ደቂቃ ፈልጌ አጣኋት። ለካስ የተደበቀችው መኪናው ወንበር ሥር፣ ሦስቱ ቁራጮች አጠገብ ነው። ቤት ውስጥ መሆን ነበረበት፤ ግን ምንም አላልኳትም። ሄዳ አገኘቻቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ቁራጮቹ አላነሳችም።

ለመሃለኛው ልጅዎ ከዚህ የተሻለ የመኪና ጨዋታ አላውቅም። ዓይን አይፈልግም፣ አንገት አያስደፋም፣ እየተኛም ይጫወተዋል።

የሃያ ጥያቄ ጨዋታም የዚሁ ወገን ነው። አንዱ አንድ ነገር ያስባል፣ ሌሎቹ በሃያ ጥያቄ ይደርሱበታል። ልጆች መጀመሪያ ላይ «ዝሆን ነው? አንበሳ ነው?» እያሉ ይጨርሱታል። ትልቋን አማራጩን ለሁለት መክፈል ያስተምሯት፦ «ሕይወት አለው?» «ከእኔ ይበልጣል?» «ቤት ውስጥ ይገኛል?» እያንዳንዱ ጥሩ ጥያቄ ግማሹን ያስቀራል። በትክክል ለሁለት የሚከፍሉ 20 ጥያቄዎች 1,048,576 ነገሮችን መለየት ይችላሉ። ይህን ቁጥር ንገሯት፤ የ11 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር አትረሳም።

ቁጥር የምትወድ ከሆነ ደግሞ የ21 ጨዋታ አለ። ሁለት ሰው ከአንድ ጀምሮ እየተቀባበለ ይቆጥራል። በአንድ ተራ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ተከታታይ ቁጥር መናገር ይቻላል። 21ን ለመናገር የተገደደው ይሸነፋል። ምስጢሩን ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎት፦ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ላይ የሚያርፈው ያሸንፋል። ስለዚህ ሁለተኛ የሚጀምረው ሰው ካወቀበት አይሸነፍም። አይንገሯት። ደጋግማ ተሸንፋ ራሷ ትድረስበት። ስትደርስበት በአንድ ተራ እስከ አራት ቁጥር መናገር ይፈቀድ ይበሉና ሕጉን ይቀይሩባት። ያን ጊዜ ቁልፎቹ 5፣ 10፣ 15 እና 20 ይሆናሉ።

በመስኮት የሚታይ ነገር ፍለጋ ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድ ማስተካከያ ብቻ ልጨምር። በወረቀት ላይ ተዘርዝሮ ምልክት የሚደረግበትን አይያዙ፤ መሃለኛውን ያስደፋዋል። ይልቅ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ነገር በቃል ይስጡ፦ ድልድይ፣ ቀይ መኪና፣ ፈረስ። ያገኘ ሌላ ሦስት ይቀበላል። «የማየው ነገር በ… ይጀምራል» የሚለውን ሲጫወቱ ደግሞ የሚመረጠው ነገር መኪናው ውስጥ ያለ ወይም ሩቅ ያለ እንደ ተራራ ይሁን። መንገድ ዳር ያለው ነገር ገና ሳይገመት ያልፋል።

ስለ ሾፌሩ አንድ ነገር ብቻ። ሾፌሩ ጨዋታውን ይስማ፣ ይሳቅ፤ ፈልግ፣ ገምት፣ ተመልከት ግን አይባል። በየሁለት ሰዓቱም ቁሙ። ስትቆሙ ቁጭ ብሎ የሚጫወቱት ነገር አይውጣ። ይሩጡ፣ ይዝለሉ፣ መኪናውን ይዙሩ። ሁለት ሰዓት የተቀመጠ እግር የሚፈልገው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ቢወድቁም ችግር የሌለባቸው ዕቃዎች። ለትልቋ አንድ ክር ይበቃታል። ሁለት ሜትር ያህል ለስላሳ ሲባጎ ጫፍና ጫፉ ታስሮ ቀለበት ይሆናል። በጣቶች እየሳቡ ቅርጽ መሥራት በብዙ አህጉራት ሕዝቦች ዘንድ ለየብቻ የኖረ ጨዋታ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቅርጽ ትማር፤ ቀሪውን መንገድ ላይ እየፈለሰፈች ትሄዳለች። እጇ ላይ የተጠለፈ ነገር አይወድቅም። ትንሹ እንዳይነካው ግን አደራ። ረጅም ክር ለታዳጊ ሕፃን አንገት አደገኛ ነው። ስትጨርስ ወደ ቦርሳው ይመለስ።

ሩቢክ ኪዩብም ፈተናውን ያልፋል። አንድ ወጥ ነገር ነው፤ ቢወድቅ ይነሳል እንጂ አይበተንም። የሃንጋሪው የሥነ ሕንፃ መምህር ኤርኖ ሩቢክ በ1974 እ.ኤ.አ. ሠራው። ሊይዛቸው የሚችላቸው ቅርጾች ከ43 ኩዊንቲሊየን በላይ ናቸው፤ ማለትም 43 እና ከኋላው 18 አሃዝ። ሆኖም የትኛውም ቅርጽ በ20 ዙር ወይም ከዚያ ባነሰ እንደሚፈታ በ2010 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። አውሮፕላን ውስጥ ግን ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ጎረቤትን ስለሚረብሽ ለመኪናው ይሁን። ለመሃለኛው አይስጡት፤ ምክንያቱን ከላይ ብዬዋለሁ።

ለትንሹ ከሁሉም የምመርጠው የወረቀት ፕላስተር ነው። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት፣ በእጅ የሚቀደደው። ቁራጭ ቁራጭ አድርገው መስኮቱ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ እጁ ላይ ይለጥፉለት። እሱ ይላጥ። እንደገና ይለጥፍ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ልጦ መለጠፍ አይሰለቸውም፤ ጣቶቹም ይሠራሉ። ያው ፕላስተር ለመሃለኛው መንገድ ይሆናል፦ መቀመጫው ላይ ተለጥፎ ትንሽ መኪና ይነዳበታል፤ ይህ ግን አውሮፕላን ማረፊያ ስትጠብቁ ነው። ሁለት የጣት አሻንጉሊትም ይጨምሩ። ጨርቅ ናቸው፣ አይከብዱም፣ ቢወድቁ ድምፅ የላቸውም። በውሃ የሚሠራ የሥዕል ብዕርም ጥሩ ነው፤ ገጹ ሲደርቅ ሥዕሉ ይጠፋል፣ እንደገና ይሳላል። ወንበሩንም አያበላሽም።

ትንሹ ባለበት መኪና ውስጥ ግን «ቢወድቅስ?» ሌላ ትርጉም አለው። ከትልልቆቹ እጅ የወደቀ ነገር እሱ አፍ ውስጥ ይገባል። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠሩ አሻንጉሊቶች የሚለኩበት ሲሊንደር አለ፤ ስፋቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሊያንቅ ይችላል። ቤት ውስጥ በሶፍት ጥቅል ካርቶን ቱቦ ይሞክሩት። ቱቦው ትንሽ ሰፋ ስለሚል ለጥንቃቄ ይሻላል። የሚያልፍ ሁሉ ለትንሹ አይሆንም።

ሁለት ነገር ደግሞ ጭራሽ አይያዙ። አንደኛው ጠንካራ ትንንሽ የማግኔት ኳሶች ናቸው። ልጅ ከአንድ በላይ ከዋጠ በአንጀት ግድግዳ በኩል ይሳሳቡና አንጀቱን ይበሱታል። ሁለተኛው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ያለበትና ክዳኑ በብሎን ያልታሰረ የሚበራ አሻንጉሊት ነው። ይህ ባትሪ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ውጦ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ ምልክት አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የጉዞ ቼዝና ዳማም ማግኔት አላቸው። ከያዙ እያንዳንዱን ጠጠር ገልብጠው ማግኔቱ የላላ እንደሆነ ይዩ።

ብዙ ሰው ልጆች ጭን ላይ የብረት ትሪ አስቀምጦ ማግኔት ማጫወትን ይመክራል። ባቡርና አውሮፕላን ላይ ችግር የለውም። መኪና ውስጥ ግን አልደግፈውም። ፍሬን ድንገት ሲያዝ ጠንካራ ነገር ሁሉ ይወረወራል። ከለር ከያዙ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ያለውን ይምረጡ፤ አይንከባለልም። የሰም ከለር በሚሞቅ መኪና ውስጥ ትተው አይውረዱ፤ ቀልጦ ቦርሳውን ያበላሽብዎታል።

አውሮፕላን ማረፊያና አውሮፕላን ውስጥ ጠረጴዛ አለ። ወረቀትና የመጫወቻ ካርታ የሚወጣው ያኔ ነው። መሃለኛውም አንገቱን ደፍቶ መጫወት የሚችለው አውሮፕላኑ ሳይናወጥ ሲሄድ ነው፤ ሲናወጥ ወደ አፍ ጨዋታ ይመለስ። አንድ ካርታ፣ 52ቱም፣ ይያዙ። ከዚህ በትንሽ ቦታ ብዙ የሚሠራ ዕቃ የለም። ሁለት ሁለት ካርታ እየገለጡ ጥንዱን ለማግኘት ለሚጫወቱት ግን ሁሉንም አያውጡ። ስድስት ጥንድ፣ 12 ካርታ፣ በሁለት ረድፍ ይገለበጥ። ጠረጴዛው የሚችለው ይህንን ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅም በቂ ነው።

ለትልቋ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ፣ አንድ ጨዋታ። ጆን ኮንዌይና ማይክል ፓተርሰን የሚባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ1967 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ውስጥ የፈጠሩት ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ቡቃያ እንደማለት ነው። ሦስት ነጥብ ወረቀቱ ላይ ይደረጋል። ተራው የደረሰ ሰው ሁለት ነጥቦችን በመስመር ያገናኛል፣ ወይም መስመሩን ከአንድ ነጥብ አውጥቶ ወደዚያው ይመልሳል። ከዚያ መስመሩ ላይ አዲስ ነጥብ ያደርጋል። መስመር መስመርን አያቋርጥም። ከአንድ ነጥብ ከሦስት በላይ መስመር አይወጣም። መጨረሻ መስመር የሚያሰምረው ያሸንፋል። በሦስት ነጥብ ከተጀመረ ቢበዛ በስምንት ተራ ያልቃል። በአምስት ነጥብ ሲጀመር እስከ 14 ይሄዳል። ኤክስና ኦን ሁለቱም በደንብ ከተጫወቱት ሁልጊዜ እኩል ስለሚወጡ ቶሎ ይሰለቻል። ይኼኛው ግን ብዙ ይቆያል፤ ሲያልቅም የሚያምር ሥዕል ይተዋል።

የተቀረጸ ተረት ማዳመጥም ከስክሪን ነፃ ነው፤ በተለይ ለሌሊት ጉዞ። ድምፁን ብቻ ይጠንቀቁ። አውሮፕላን ውስጥ ጫጫታው ስለሚያስቸግር ልጆች ሳይታወቃቸው ከፍ ያደርጉታል። ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ ከሆነ ድምፁን ማሳደግ አያስፈልግም።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልበል፤ ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የማጫወት ግዴታ የለብዎትም። የመጀመሪያውን ሰዓት ምንም አያውጡ። መንገዱ ራሱ አዲስ ነው፣ ልጆቹም በጉጉት ሞቀዋል። ጥሩ ጥሩውን ለአራተኛውና ለሰባተኛው ሰዓት ያስቀሩት። ለትንሹ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይስጡ። ሲሰለች ይሰብስቡት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሰው ያውጡት፤ እንደ አዲስ ይቀበለዋል። ልጅ በመስኮት እያየ ዝም ካለ ደግሞ ይተዉት። «ሰለቸህ እንዴ? ምን ልስጥህ?» አይበሉት። እሱ የራሱን ጨዋታ እየሠራ ነው።

ስለዚህ ቦርሳዎ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ አንድ ካርታ፣ አንድ ሲባጎ፣ አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር፣ ሁለት የጣት አሻንጉሊት፣ ትንሽ መኪና፣ የውሃ ብዕር ከነደብተሩ፣ ባዶ ደብተር፣ ሦስት አጫጭር እርሳስ፣ ሩቢክ ኪዩብ። ሁሉም ዚፕ ባላቸው ላስቲኮች ተለያይተው ይግቡ። የሚያስመልሰው ልጅ ስላለዎት ባዶ ላስቲክና ቅያሪ ልብስ ከላይ ይሁን።

የባለቤትዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ ታብሌቷን ያዟት ነው የምለው። ተዘግታ፣ ከሻንጣው ሥር፣ ለልጆቹ ሳይነገር። በረራ ለሰዓታት ሊዘገይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁላችሁም ደክማችሁ ትሆናላችሁ፣ እሷም ትወጣለች። መቼ እንደምትወጣ ግን ሁለታችሁ አሁን ቤት ሆናችሁ ተስማሙ። ለቅሶ ለማስቆም ከወጣች ልጆቹ መንገዱን ይለምዱታል። መኪና ውስጥ ለመሃለኛው ጨርሶ አትሰጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ ይመረጣል፣ ከዚያም ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ትንሹ በዚህ ውስጥ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ማታ ቻርጅ አድርጓት። ባለፈው ሦስቱንም ያስለቀሳቸው የባትሪው ማለቅ ነበር።